ልጁ ዳነ ብለን ጥንቃቄውን አንተው



የልጃችን ተቅማጥ ቆሞ፣ ትውከቱም ትቶት፣ እንጀራ ስጡኝ ሲል ሁላችንም እፎይ እንላለን። ደስ ቢለን ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጁ ዳነ ማለት በሽታው ከቤታችን ወጣ ማለት አይደለም።

በሕፃናት ላይ ተቅማጥና ትውከት ከሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ተዋስያን ሁለቱ ሮታ ቫይረስና ኖሮ ቫይረስ ይባላሉ። እነዚህ ልጁ ከተሻለው በኋላም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣሉ። ሮታ ቫይረስ ልጁ ከታመመበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ቀን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ኖሮ ቫይረስ ደግሞ 2 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ እናት የዳነውን ልጅ ጠርጋ፣ እጇን ሳትታጠብ ታናሹን ብታጎርሰው በሽታውን አብራ ታጎርሰዋለች።

ታዲያ ምን እናድርግ? የሕፃን ዓይነ ምድር አይጎዳም አንበል፤ ሽንት ቤት እንጣለው። ጨርቁን ከምንጩ ርቀን እንጠብ። ልጁን ከጠረግን በኋላ፣ ምግብ ከመንካታችንም በፊት እጃችንን በውኃና በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ አሽተን እንታጠብ። የልጁንም እጅ እናጥብ። ጡት ማጥባቱን አናቋርጥ።

በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሮታ ቫይረስ ክትባት በአፍ ይሰጣል። ሕፃኑ 6 ሳምንት ሲሞላው ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ለታመመው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የተቀመጥን ሰዎች፣ ለታናሹ ስንል እጃችንን መታጠብ አይክበደን።