ለቤት መሥሪያ የሚሆን ቦታ ስለ መምረጥ

በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



በመንግሥት ሥራ የሚኖር ሰው ከደመወዙ እየቀነሰ ለብዙ ዘመን ያጠራቀመውን ገንዘብ ባንድ ጊዜ የሚያወጣው ለቤት ነው። የተከራዩት ቤት ባይመች ይለቀቃል። የገዛ ቤት መሠረት ከተጣለ በኋላ ግን ቦታውን ማንሣት አይቻልም፤ ልጆችም የሚያድጉት አባትና እናት በመረጡላቸው አየር ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ በፋብሪካና በትልቅ መንገድ አጠገብ ስለሚገኝ የቤት ቦታ ጥቂት ልናገር አስቤአለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከአንድ ፋብሪካ በስተጀርባ ያለ ቦታ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄዶ አየ። አካባቢው ጸጥ ያለ፣ አየሩ የጠራ፣ ዋጋውም ከሌላው የረከሰ ነበረ። በላዩ የነበረችውን አሮጌ ቤት ገዝቶ አፈረሰና አዲስ ቤት ሠራ። በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ባለቤቱ አጥባ ያሰጣችው ነጠላ ሳይደርቅ ጥቀርሻ ለበሰ፤ ሌሊቱንም የከባድ መኪናዎች ጩኸት ሲያባንናቸው አደረ። ትንሹ ልጃቸው ሳል ስለ ጸናበት ዛሬ መስኮት ዘግተው ይኖራሉ። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ቦታውን ያየሁት ፋብሪካው ሲያርፍ ነው» አለኝ። ቤቱን ሊሸጠው ቢፈልግም፣ ገዢው ሁሉ በሥራ ቀን እየመጣ አይቶ ይመለሳል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምክር፣ ቦታን በሥራ ቀን፣ ይልቁንም በማለዳና በሌሊት ማየት ነው። በበጋ ወራት ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ ቀዝቃዛው አየር ከመሬት አጠገብ ይተኛል፤ ሞቅ ያለው አየር ከበላዩ እንደ ክዳን ይሆንበታል። ጢሱም መውጫ አጥቶ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ በረባዳው ስፍራ ይቆያል። ነፋስም ከወራት ወደ ወራት አቅጣጫውን ስለሚለውጥ፣ በበጋ ንጹሕ የነበረ ቦታ በክረምት ጢስ ሊወርድበት ይችላል። ይህን የሚያውቁት የሰፈሩ ነባር ሰዎች ናቸውና እነርሱን መጠየቅ ይገባል።

የቸልታ ፍጻሜ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል በሕንድ አገር በቦፓል ከተማ ታይቷል። ኅዳር 23 ቀን 1977 ዓ.ም. ለ24 አጥቢያ፣ ከዩኒየን ካርባይድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ መርዘኛ ጋዝ አመለጠ። ጋዙ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ መኖሪያ ሰፈሮች ገባ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የተጎዱትም በፋብሪካው አጥር አጠገብ የነበሩ ድሆች ናቸው። ይህን የማነሣው ፋብሪካ እንዲጠላ አይደለም፤ ፋብሪካ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ነገር ግን በአጥር ውስጥ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚከማች ሳይጠይቁ አጠገቡ መኝታ ቤት መሥራት አይገባም።

ስለ መንገድም እንዲሁ ነው። ብዙ ተሽከርካሪ ከሚመላለስበት መንገድ የሚወጣው ጢስ እስከ 300፣ አንዳንዴም እስከ 500 ሜትር ድረስ አየሩን ይበክላል፤ ከሁሉ የሚበረታው ግን ከመንገዱ ጠርዝ አጠገብ ነው። የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ ጢሱም ድምፁም ስለሚጨምር፣ ከዳገት አጠገብ ያለ ቦታ ከሜዳው ይልቅ ይከፋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ አገሮች ባወጣው መመሪያ፣ በሌሊት የመንገድ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል።

ውኃውንም መመልከት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት የሚወጣውን ቆሻሻ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። እንዲህ ባለ ወንዝ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ መጠጣት ወይም ጎመን ማጠጣት አደጋ አለው።

ከመዋዋል በፊት የከተማውን ፕላን ማየት አይዘንጋ። ዛሬ ባዶ የሆነው ጎረቤት ሜዳ ነገ ለፋብሪካ፣ የቤቱም ደጃፍ ለመንገድ ማስፋፊያ የተመደበ ሊሆን ይችላል።

ምርጫ አጥቶ በዚያው የሚሠራ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። መኝታ ቤቱን ከመንገዱ በተቃራኒ ያድርግ፤ ዛፍ አቧራ ይቀንሳል እንጂ ድምፅን ብዙ ስለማይከለክል በድንጋይ ወይም በብሎኬት ከፍ ያለ አጥር ይሥራ። ብክለት ቢደርስበትም ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ያመልክት፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንኛውም ሰው አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ርካሽ ቦታ የቀረውን ዋጋ በየወሩ ከሐኪም ቤት ያስከፍላል። ለቦታ ፍለጋ እሑድን ብቻ ሳይሆን ከዓመት ፈቃዳችሁም አንድ ሰኞ ስጡለት። ደኅና እደሩ።