የመጀመሪያው እሸት ለትንሹ ልጅ

(በመስከረም ወር ለአሳዳጊ ቤተሰቦችና ለደጋፊዎች ከተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

እንዲህ ባለው ስብሰባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ደብተር፣ ስለ ልብስና ስለ ቀለብ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የተራበ ልጅ በምክር አይጠግብምና። ዛሬ ግን ከቀለብ ቀጥሎ ስላለ ሌላ ጉዳይ ጥቂት ልናገር እወዳለሁ። እርሱም በዚህ ወቅት አላህ በየደጃችን ስለሚያፈስልን ትንንሽ ደስታና ልጆቻችን በዚያ ደስታ ውስጥ ስላላቸው ድርሻ ነው።

በአገራችን የቀድሞ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ይባላል። ጸደይ የሚለው ስም የተሰጠው ከመጋቢት 26 በኋላ ላለው ወቅት ቢሆንም፣ ዛሬ ብዙ ሰው ጸደይ የሚለው ይህንኑ ክረምቱ ሲወጣ የሚመጣውን የአበባ ጊዜ ነው። በዐረብኛ ጸደይ ‹ረቢዕ› ይባላል። ከሂጅራ ወሮቻችን ሁለቱ፣ ረቢዑል አወልና ረቢዑል ኣኺር፣ በዚህ ስም ይጠራሉ። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ወሮቹ በየወቅቱ ይዞራሉ፤ ስማቸው ግን ጸደይን እንደያዘ ቀርቷል። በሐዲስ በተላለፈ አንድ ዱዓ ውስጥም ቁርኣን የልብ ‹ረቢዕ› ይሆን ዘንድ አላህ ይለመናል። ዝናብ ደረቁን ምድር ሕያው እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ቁርኣንም ልብን ሕያው ያድርግ ማለት ነው።

ወቅቱ የሚያመጣልን ስጦታ ድግስ የሚጠይቅ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ የከረመው ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ማታ ልጁ ሲከናነበው ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። ደፍርሶ የሰነበተው ወንዝ ጠርቶ ጠጠሩ ይታያል። አደይ አበባ በየመስኩና በየእርሻው ድንበር ለጥቂት ሳምንታት ታይታ ትጠፋለች፤ ንብም ከእርሷና ከመሰሎቿ የቀሰመችውን በጥቅምትና በኅዳር በሚቆረጠው ማር ትመልስልናለች። በየጉልቱ የበቆሎ እሸት ከሰል ላይ ይጠበሳል። ከገጠር የሚመጣ ዘመድም የባቄላና የአተር እሸት ቋጥሮ ይመጣል። ልጆች አዲሱን ደብተር ከመጻፋቸው በፊት ከፍተው ያሸቱታል። ይህን የሚያስተውል ሰው ‹አልሐምዱሊላህ› ለማለት ምክንያት አያጣም።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት፣ የመዲና ሰዎች የወቅቱን የመጀመሪያ ፍሬ ባዩ ጊዜ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያመጡት ነበር። እርሳቸውም ተቀብለው በፍሬያቸው፣ በከተማቸውና በመስፈሪያቸው፣ ማለትም በሷዕና በሙድ፣ በረከት እንዲወርድ አላህን ይለምኑ ነበር። ከዚያም ከሕፃናት ትንሹን ጠርተው ያንን ፍሬ ይሰጡት ነበር።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ፍሬው የመጣው ለአላህ መልዕክተኛ ነው። የደረሰው ግን ውለታ ለመመለስ ምንም ለሌለው፣ ደስታው ግን ከሁሉ ለሚበልጠው ለትንሹ ልጅ ነው። አንድ ፍሬ ረሃብ አያስታግስም፤ የተሰጠውም ለረሃብ አልነበረም።

በማስተምርበት ክፍል፣ በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጆቹ ስለ ክረምታቸው እንዲናገሩ አደርጋለሁ። በአንድ ዓመት፣ አባቱ የሞተበት ትንሽ ልጅ ተራው ሲደርስ ‹ዘንድሮ እኛ ቤት እሸት አልገባም፤ የሚያመጣልን አባባ ነበር› አለና ተቀመጠ። ይህ ልጅ የተራበ አልነበረም። አጎቱ በየወሩ ቀለብ ይቆርጥለት ነበር፤ ልብሱም ንጹሕ ነበር። ነገሩን ለአጎትየው ብነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ ‹ጤፉን በኩንታል ሳስጭን እሸቱ ይጎድላል ብዬ አላሰብኩም› አለኝ። በዚያው ሳምንት ከጁሙዓ ሰላት በኋላ አምስት የበቆሎ እሸት ይዞ ሄደ። ከልጁና ከአያቱ ጋር ከሰል ከበው ጠበሱ። አያትየዋ ጥርስ ስለሌላቸው ‹ለእኔ ሽታው ይበቃኛል› እያሉ ሲስቁ እንዳመሹ ነገረኝ። ሰኞ ጠዋት ልጁ የቀዘቀዘ ግማሽ በቆሎ በደብተር ወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ።

ሐዘን የገባበት ቤት ብዙ ጊዜ ከደስታ ይሸሻል። እናት ብትስቅ ሟቹን የረሳች ይመስላታል፤ ጎረቤት ይታዘበኛል ብላም ትፈራለች። ሸሪዓችን ግን ለሐዘን ወሰን አበጅቶለታል። ለዘመድ 3 ቀን ነው፤ ባሏ ለሞተባት፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ደግሞ 4 ወር ከ10 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ከልጆቿ ጋር ደጅ ወጥታ ፀሐይ ብትሞቅ፣ ቡና አፍልታ ብትጫወት ሟቹን አልከዳችም። ልጆቹም በእናታቸው ፊት ላይ ፈገግታ ሲያዩ፣ መደሰት ለእነርሱም የተፈቀደ መሆኑን ይረዳሉ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የቲም ሆነው ያደጉ ናቸው። አባታቸው የሞቱት እርሳቸው ሳይወለዱ ነው። እናታቸው አሚና ደግሞ እርሳቸው 6 ዓመት ሲሆናቸው በመካና በመዲና መካከል፣ አብዋእ በተባለ ስፍራ አረፉ። ከዚያ ወደ መካ ይዛቸው የተመለሰችው ኡሙ አይመን በመባል የምትታወቀው በረካ ናት። የሲራ ጸሐፊዎች ሐበሻዊት እንደነበረች ይናገራሉ። ሀብት አልነበራትም፤ የሰጠችው እንክብካቤ ግን አልተረሳም። ነቢዩ ትልቅ ሰው ከሆኑም በኋላ ቤቷ ሄደው ይጠይቋት ነበር፤ እርሳቸው ካለፉ በኋላም አቡ በክርና ዑመር (ረ.ዐ) ሄደው ጠይቀዋታል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ወደ ቤት የሚገባው የወቅቱ የመጀመሪያ ፍሬ ከትንሹ ልጅ ይጀመር፤ በቤቱ የቲም ካለም ከሌሎቹ ልጆች ሳይለይ አብሮ ይቀበል። ሁለተኛ፣ ልጅ የሚያሳየንን አበባም ሆነ ወፍ ‹ሥራ አለብኝ› ሳንል እንይለት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ የሞተችበትን ሕፃኑን አቡ ዑመይርን፣ ስለ ወፏ እየጠየቁ አጫውተውታል። ሦስተኛ፣ የሰጠነውን አንቁጠር። ውለታ ሆኖ በተቆጠረ ነገር ልጅ ያፍርበታል፤ መመጻደቅም ሰደቃን እንደሚያበላሽ ቁርኣን አስጠንቅቆናል። በውጭ አገር ሆናችሁ የምትረዱም፣ ስልክ ስትደውሉ ስለ ፈተና ውጤት ብቻ አትጠይቁ፤ ‹እሸት በላችሁ ወይ? አደይ አበባ ወጣ ወይ?› በሉአቸው።

ወቅቱ አጭር ነው፤ ልጅነትም ብዙ አይቆይም። አላህ የሰጠነውን ይቀበለን፤ ያሳደግናቸውን ልጆች ይባርክልን፤ ወላጆቻቸውን ይማርልን፤ ልባችንንም ለምለም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።