የሚመጣውና የሚሄደው ውሃ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ወደ ቤታችን ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ አንድ ቀን ቢቋረጥ ሰፈሩ ሁሉ ይነጋገርበታል። የተጠቀምንበትን ውሃ የሚወስደውን ግን ተዘግቶ ካልሸተተ በቀር ማንም አያነሣውም። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ የሚመጣው ውሃና የሚሄደው ውሃ የማይነጣጠል አንድ ጉዳይ መሆኑን ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የምንጠጣው ውሃ እንዴት እንደሚዘጋጅ እንመልከት። የአዲስ አበባ ውሃ ከፊሉ ከገፈርሳ፥ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፥ ከፊሉም በአቃቂና በሌሎች ሥፍራዎች ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚገኝ ነው። የጉድጓዱ ውሃ በአፈርና በድንጋይ መካከል እየሰረገ ስለሚጣራ ብዙ ድካም አይጠይቅም። የግድቡ ውሃ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ከየማሳው የታጠበውን አፈር ተቀብሎ ይደፈርሳል። ይህም አፈር እጅግ የላመ ስለ ሆነ፥ ውሃው ለብዙ ቀን ቢቀመጥ እንኳ በራሱ አይጠራም። ስለዚህ በማጣሪያው ጣቢያ አሉሚኒየም ሰልፌት የተባለ ጨው ይጨመርበታል። ጨውም ተበታትኖ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አፈር እርስ በርሱ ያያይዘዋል፤ የተያያዘውም ከብዶ እንደ ጠላ አተላ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከላይ የጠራው ውሃ በአሸዋ ውስጥ እንዲያልፍ ሲደረግ የቀረው ጉድፍ በአሸዋው ይያዛል።

እዚህ ሲደርስ ውሃው ለዓይን መስተዋት ይመስላል። ነገር ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፥ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ገና በውስጡ ሊኖሩ ይችላሉ። እነርሱን ለማጥፋት ክሎሪን ይጨመራል፤ ከዚህም ጥቂቱ እስከ ቤታችን መዝለቅ አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት በቧንቧው አፍ ላይ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም እንዲገኝ ይመክራል። አንዳንድ ሰው ቅር የሚሰኝበት ቀላል የክሎሪን ሽታ እንግዲህ ጠባቂው በሥራው ላይ መሆኑን የሚነግር ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ ያስፈልጋልን? የሚል ቢኖር በጀርመን አገር የሆነውን ይስማ። በኤልብ ወንዝ ዳር ሃምቡርግና አልቶና የተባሉ ሁለት ከተሞች ጎን ለጎን ይገኙ ነበር። ሃምቡርግ ከወንዙ የላይኛው ወገን እየቀዳች ውሃውን ሳታጣራ ለሕዝቧ ታድል ነበር፤ የማጣሪያው ጉዳይ በክርክር ብዛት ለብዙ ዓመታት ዘግይቶባት ነበርና። አልቶና ከታችኛው ወገን፥ የሃምቡርግ ፍሳሽ የተቀላቀለበትን የባሰ ውሃ ትቀዳ ነበር፤ ነገር ግን በአሸዋ ታጣራው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1892 ኮሌራ በገባ ጊዜ በሃምቡርግ ከ8,000 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፥ በአልቶና የደረሰው ጉዳት እጅግ ጥቂት ሆነ። በሃምቡርግ ክልል ቢሆኑም የአልቶና ውሃ ይደርሳቸው የነበሩ ቤቶች እንኳ መትረፋቸውን ሮበርት ኮኽ የተባለው ሐኪም ገልጿል። ሃምቡርግም በ1893 ማጣሪያዋን ሥራ አስጀመረች፤ ለሞቱት ግን አልደረሰላቸውም።

ይህ ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም ከላይ ያለው ከተማ የጣለውን ከታች ያለው እንደሚቀዳው ነው። እኛስ ከላይ ካሉት አይደለንምን? የአዲስ አበባ ወንዞች በትንሹና በትልቁ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በእነዚሁ ወንዞች ዳር በመስኖ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ በገበያችን ይሸጣል። ሰላጣም ሳይበስል የሚበላ ነው። የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ በድብቅ ወደ ወንዝ የለቀቀ ሰው፥ አስወገድሁ ያለውን በገበታው ላይ ሊያገኘው ይችላል።

ፍሳሽም እንደ መጠጥ ውሃ የሚጣራበት መንገድ አለው። በቃሊቲው ማጣሪያ ጣቢያ ጨርቁና ፕላስቲኩ በብረት ወንፊት ተይዞ ይቀራል፤ አሸዋውም ይዘቅጣል። ከዚያ በኋላ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ራሳቸው ተሐዋስያን ናቸው። እርሾ ሊጡን እንደሚያቦካው ሁሉ፥ መጀመሪያ አየር በሌለበት ገንዳ፥ ቀጥሎም አየር በሚገኝበት ሥፍራ፥ በውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ እየተመገቡ ይጨርሱታል። በመጨረሻ አተላው ተለይቶ ይደርቃል፤ ውሃውም ወደ ወንዙ ይለቀቃል።

ሆኖም ጣቢያው ሊያጣራ የሚችለው ወደ እርሱ የደረሰውን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጸዳጃ ቤታችንን ቱቦ ከዝናብ ውሃ መውረጃ ጋር አናገናኝ፤ ዘይትና ጨርቅ በፍሳሽ ቱቦ አንጣል፤ ጉድጓዳችን ሲሞላ የፍሳሽ መኪና እንጥራ። ውሃ ተቋርጦ ሲመጣ በተሰነጠቀ ቧንቧ ቆሻሻ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሚወርደውን አንጠጣ፤ የውሃ ታንከራችንንም ከድነን በየጊዜው እንጠበው።

ከእናንተ ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ፤ የቤት ሥራ ፈቃድና የበጀት ወረቀት በእጃችሁ ያልፋል። የሃምቡርግ ማጣሪያ ለብዙ ዓመታት የዘገየው በጠረጴዛ ላይ መሆኑን አትርሱ። ስለ ፍሳሽ የተጻፈ ፋይል ከፊታችሁ ሲቀርብ ከወንዙ በታች የሚኖረውን ሰው አስባችሁ ዛሬውኑ አንብቡት።