ሕግን በሰው አገር መማር
(ሕግና የወንጀል ጥናት ለመማር አዲስ ለመጡት ተማሪዎች በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



እዚህ እንግሊዝ አገር ሕግንና የወንጀል ጥናትን፣ ማለት ክሪሚኖሎጂን፣ ለመማር የመጣችሁትን ለይተን ዛሬ የጠራናችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። የእናንተ ትምህርት ከሌሎች ወገኖቻችን ትምህርት የሚለይበት አንድ ነገር ስላለ፣ ከእናንተ ጥቂት ቀደም ብለን በዚሁ መንገድ የገባነው ያየነውን ልናካፍላችሁ ወደናል።

ሐኪም የተማረውን ይዞ ባሕር ቢሻገር፣ የሰው ልብ በለንደንም በደሴም ያው ልብ ነው። መሐንዲስም ቢሆን ሲሚንቶው አይለወጥበትም። የሕግ ተማሪ ግን ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በቃሉ ያጠናው ሕግ እዚያው በተማረበት አገር ይቀራል። የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው ሕግ የጎንደርን ዳኛ አያስገድደውም። እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ደክመን፣ የወላጆቻችንንም ገንዘብ ጨርሰን፣ ይዘን የምንመለሰው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በመጨረሻው ዓመት ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት መጠየቅ ይገባል እንላለን።

በመጀመሪያ የሁለቱን አገሮች ሕግ አቀማመጥ እንመልከት። የእንግሊዝ ሕግ ብዙው ክፍል የተሠራው ዳኞች በየዘመኑ ከሰጡት ፍርድ ነው። የእኛ ግን በተጻፈ የሕግ መጽሐፍ ላይ የቆመ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንን ያረቀቁት ስዊሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነበሩ፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ደግሞ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ነበሩ። ስለዚህ እዚህ ከመምህሩ የሰማችሁትን ሁሉ ለአገራችሁ የሚሆን ነው ብላችሁ አትቀበሉ፤ አይረባንም ብላችሁም አትጣሉት።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። እዚህ ወንጀል ሁለት ነገር ይፈልጋል ተብሎ ይነገራችኋል፤ ይኸውም የተሠራው ድርጊትና የሠሪው አሳብ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ግን ሦስት ይቈጥራል፤ ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገር። ለእንግሊዙ መምህር ሦስት ብሎ የሚጽፍ ማርክ ይቀነስበታል። ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለት ብሎ የሚከራከር ዐቃቤ ሕግ ግን የሚያጎድለው የሰው ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የምንመክራችሁ ሥራ ቀላል ነው። የደብተራችሁን ገጽ ሁለት ላይ ክፈሉት። በግራ በኩል የዕለቱን ትምህርት፣ በቀኝ በኩል በዚያው ነገር ላይ የአገራችን ሕግ የሚለውን በአማርኛ ጻፉ። ለምሳሌ በ1884 እ.ኤ.አ. የተፈረደውን የደድሊንና የስቲቨንስን ነገር ትማራላችሁ። መርከባቸው ሰጥማ፣ በትንሽ ጀልባ በውቅያኖስ ላይ በረኀብ የተጨነቁ መርከበኞች አብሯቸው የነበረውን ልጅ ገድለው በሉት። ፍርድ ቤቱ ጭንቅ የሰው ነፍስ ለማጥፋት ምክንያት አይሆንም ብሎ ሞት ፈረደባቸው፤ ኋላ ግን ቅጣቱ ወደ ስድስት ወር እስራት ተለወጠላቸው። ይህን በግራ ጻፉና፣ ማታ የራሳችንን የወንጀል ሕግ ገልጣችሁ ስለ አስገዳጅ ሁኔታ የሚናገረውን ክፍል በቀኝ ጻፉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ተማሪ ሕግ በቃል ከማጥናት አልፎ ማመዛዘን ጀመረ ማለት ነው።

የፍርድ መዝገብ ማንበብ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚልም አይጠፋም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጓሜ የበታች ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ በአዋጅ ተደንግጓል። ስለዚህ የትኛው ቃል የፍርዱ ምክንያት እንደ ሆነ፣ የትኛውስ በመንገድ የተነገረ እንደ ሆነ ለይቶ ማንበብ ዛሬ በአገራችንም የሚያስፈልግ ሙያ ነው። ይህን ሙያ ደግሞ ከእንግሊዞች የተሻለ የሚያስተምር ማግኘት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ወንጀል ጥናት እንለፍ። ሕግ «ይህ ሰው ጥፋተኛ ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የወንጀል ጥናት ደግሞ «ለምን አጠፋ? ከተቀጣስ በኋላ ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ትምህርት የምትማሩት አሳብ ሁሉ የተወለደበት ቀዬ እንዳለው አትርሱ። ኢጣልያዊው ሎምብሮዞ በ1876 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ወንጀለኛ ሲፈጠር ጀምሮ በራስ ቅሉና በፊቱ ይለያል ብሎ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጎሪንግ ግን ወደ 3,000 የሚሆኑ እስረኞችን አስለክቶ በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንደዚህ ያለ የተለየ የሰው ዓይነት አልተገኘም አለ። ብዙ ዘመን የታመነ አሳብ በሜትርና በቍጥር ወደቀ።

እንደዚሁም የቺካጎ ሊቃውንት ሾውና ማኬይ በ1942 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ፣ በአንዳንድ ሠፈሮች ነዋሪው ወገን በወገን እየተተካ ሳለ የወጣቶች ጥፋት ከፍ እንዳለ መቆየቱን አሳዩ። ጥፋቱ ከዘር ሳይሆን ከሠፈሩ ኑሮ የመጣ ነው ማለት ነው። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን የቺካጎን ካርታ አንሥተን በአዲስ አበባ ላይ ብንዘረጋው ልክ አይመጣም፤ በአዲስ አበባ ባለጸጋውና ድኻው በአንድ ሠፈር አጥር ለአጥር ተጠጋግተው የኖሩበት ዘመን ረጅም ነውና። ከቺካጎ የምንወስደው ካርታውን ሳይሆን፣ በየሠፈሩ ዞሮ መቍጠርን ነው።

ደግሞ እዚህ እንደ አዲስ ግኝት የሚነገር፣ እኛ ግን ከአያቶቻችን የሰማነው ነገር አለ። በዳይና ተበዳይ ተገናኝተው፣ ዘመድና ጎረቤት ባለበት ተነጋግረው፣ ካሣ ተከፍሎ እርቅ ይውረድ የሚለው ትምህርት ነው። ኒው ዚላንድ በ1989 እ.ኤ.አ. ከማኦሪ ሕዝብ ልማድ ወስዳ የወጣት አጥፊዎች ጉዳይ በቤተ ዘመድ ጉባኤ እንዲታይ ሕግ አወጣች። ይህን ስንሰማ ሽምግልናችን፣ አውጫጭኛችን፣ ጉማችን ትዝ ይለናል፤ ደስም ይለናል። መኵራት መልካም ነው፤ ዓይንን ጨፍኖ መኵራት ግን አይደለም። በአውጫጭኝ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ያላጠፋውም ሰው ከሥራው ተይዞ ይውል ነበር። በጠለፋም ነገር ሽማግሌ ታርቋል ሲል፣ የታረቁት አባቶች ናቸው እንጂ ልጅቱን የጠየቃት አልነበረም። የ1949ኙ ሕግ እንኳ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። የ1996ቱ ሕግ ግን ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጋብቻውም ከቅጣት አያድነውም። እንግዲህ የሽምግልናን ጥቅም በእንግሊዝኛ ስትጽፉ፣ ያቺ ልጅ ምን ትላለች ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ኑሮና ስለ ሥራም ጥቂት እንጨምር። ሕግና የወንጀል ጥናት በአንድነት የሚሰጥበት ዲግሪ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የትኞቹ የሕግ መሠረታዊ ትምህርቶች እንደ ተካተቱበት አስቀድማችሁ ጠይቁ። በእንግሊዝ ባሪስተር ለመሆን የሕግ ዲግሪ ወይም የማሟያ የሕግ ኮርስ ያስፈልጋል። በፖሊስነት ለመቀጠር ደግሞ ለውጭ አገር ሰው ያለ ጊዜ ገደብ የመኖር ፈቃድ ይጠየቃል። በአገራችንም የጥብቅና ፈቃድ የራሱ ሕግ አለው፤ ዲፕሎማ ማሳየት ብቻ አይበቃም። የዲግሪ ተማሪ ቪዛ በትምህርት ወራት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት እንደማይፈቅድም አትዘንጉ። የሕግ ተማሪ ሕግ ጥሶ ቢገኝ ማን ያዝንለታል?

በክፍል ውስጥ ደግሞ ዝም አትበሉ። መምህር ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማት በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ እዚህ ግን አሳብ እንደ ማጣት ይቈጠራል። «በላ ልበልሃ» ሲባባል የኖረ ሕዝብ ልጅ በሙግት ማፈር አይገባውም። መምህሩን በአክብሮት መቃወም እዚህ የትምህርቱ ክፍል ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ስሙ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው «የወንጀል ሕግ» ተባለ። የፊተኛው ስም የሚጀምረው ከሰውየውና ከቅጣቱ ነው፤ የኋለኛው ግን ከድርጊቱ። ስም መለወጥ ግን ብቻውን የዳኛን እጅ አይለውጥም። ነገ በአገራችን ችሎት፣ በዐቃቤ ሕግ ወንበር ወይም በወህኒ ቤት አስተዳደር የምንቀመጠው እኛው ነን። በፊታችን የሚቆመው ሰው የእንግሊዝን መዝገብ ስንት ገጽ እንዳነበብን አይጠይቀንም፤ እርሱ የሚፈልገው ጉዳዩ ተመርምሮ እንዲፈረድለት ነው።

ስለዚህ ከእናንተ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። እያንዳንዳችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከአገራችን በተነሣ አንድ ጥያቄ ላይ ጻፉ፤ በአማርኛም አሳጥራችሁ ለማኅበራችን አንድ ቅጂ ስጡ። በየዓመቱ የሚጨመረው ቅጂ ከእናንተ በኋላ ለሚመጡት መነሻ ይሆናቸዋል።