ቃሬዛው፣ አምቡላንሱና ሄሊኮፕተሩ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)



እኔ ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የልማት ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ጠብቃችሁ ከሆነ ለዛሬ ይቅር በሉኝ። በየቀበሌው ስዞር ደጋግሞ የሚገጥመኝ ጥያቄ «ሰው ሲታመምብን በምን እናድርሰው?» የሚል ነውና ስለዚያ ልናገር። አንዳንዶች «ለምን ሄሊኮፕተር አይመጣልንም?» ይላሉ።

መጠየቁ ድፍረት አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በአገራችን የቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው አምሬፍ ደግሞ መቀመጫውን ናይሮቢ አድርጎ ሐኪምና ሕመምተኛን በአውሮፕላን ያመላልሳል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሕዝብ በውኃ ሲከበብም ሄሊኮፕተር ደርሷል።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሄሊኮፕተር የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል። የአንኮበርን የሐምሌ ጉም ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ደጅ የቆመ በሬ አይታይም። ሰው በብርቱ በሚቸገርበት ወር አብራሪውም ይቸገራል ማለት ነው። ወጪውም የአንድ ወረዳ በጀት የሚሸከመው አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውን ለክልልና ለፌዴራል እናቅርብ፤ እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ።

ወልዳ ደም የሚፈሳት እናት ካልታከመች በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምቡላንሱ ላይ ከወጣች ተስፋ አላት። ጊዜውን የሚበላው ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ተሸካሚ ፍለጋው፣ ኔትወርክ ፍለጋው፣ ከአልዩ አምባ ወገን ያለው ዳገት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቀን የሚሆነውንም አይተናል። መንገዱን ማንም ይያዘው ማን፣ አምቡላንስ ማለፍ አለበት።

ቃሬዛን አንናቅ። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ «እንጎዚ» የሚባሉ፣ እንደኛ እድር ያሉ የቃሬዛ ማኅበራት አሉ። የኪሲዚ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1996 የጤና መድህን ሲጀምር በእነሱ ላይ ነው የመሠረተው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን እናቲቱ ምጥ ሳይመጣባት ቀድማ መውረዷ ነው። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮችን በማቆያ ቤት እያስጠጋ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ማቆያ እንዲኖር ይደረጋል። ታዲያ እናቶች ለምን አይሄዱም? ቤት ለቤት ስጠይቅ የማገኘው መልስ ቀላል ነው፤ «እዚያ ምን እበላለሁ? ቤቴንስ ማን ያይልኛል?» በአጨዳ ወቅት ደግሞ ባልየውም አይለቃትም። ይህ የሕክምና ጉዳይ አይደለም፤ የገብስ፣ የባቄላና የሽሮ ጉዳይ ነው። እህል ደግሞ የእኛ ሥራ ነው! ከእያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር መጋዘን በዓመት ጥቂት ኩንታል ቢወጣ ማቆያውን ያበላል። ለእናቲቱ ቤት አጨዳ ደቦ መውጣትም አያቅተንም።

መኪናም አለን። ማዳበሪያ አራግፎ የሚመለሰው የጭነት መኪና ባዶውን ነው የሚሄደው። አምቡላንስ አይደለም፤ ደም የሚፈሳትን ሴት በእሱ ማንገላታት አልመክርም። ቀኗ ያልደረሰውን ነፍሰ ጡር ግን ጋቢና አስቀምጦ ማቆያው ደጃፍ ለማውረድ ይበቃል። ለዚህ ሾፌሩ ከዩኒየኑ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ነገ ተጠያቂ እሱ ይሆናል።

ሄሊኮፕተሩ አንድ ቀን ቢመጣ እንኳ የት ያርፋል? የመብራት ሽቦ የሌለበት፣ ገለባና ላስቲክ የማይበተንበት ደልዳላ ሜዳ መታወቅ አለበት። የወል ግጦሹን ከእኛ የልማት ሠራተኞች በላይ የሚያውቅ የለም።

ከሰባቱ የኅብረት ሥራ መርሆዎች የመጨረሻው ለአካባቢ ማኅበረሰብ ማሰብ ነው። ለዚህ ከትርፍ መመደብ የጠቅላላ ጉባኤው ሥልጣን ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ ማኅበር ከጉባኤው በፊት የሚያዋጣውን እህል፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው ስምና ደልዳላውን ሜዳ ጽፎ ለዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ያስገባ። ቅጹን አዘጋጅቼዋለሁ፤ ለሻይ ስንወጣ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ውሰዱ። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው አባቶች እኔ እሞላላቸዋለሁ።