ስዊቾቹ የሚሉትና ግድግዳው ላይ የተሣለው
(በማኅበራችን የቅዳሜ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው የፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ ለግማሽ ቀን ከኔትዎርክ ተለይቶ እንደ ዋለ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በኮምፒዩተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል እንደሚያሳየው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚሄዱት መሥመሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው እንዲተካው ታስቦ የተዘረጋ ነው። ታዲያ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዴት ጠፉ? እኛ አራት ተማሪዎች ሥራ የጀመርነው ይህን ጥያቄ ይዘን ነው። መምህራችን ፈቅደውልን ከመሣሪያዎቹ ለማንበብ ብቻ የሚያስችል የይለፍ ቃል ተሰጠን። ለመለወጥ የሚያስችለው አልተሰጠንም፤ ደግም ተደረገ።

ስዊችም ሆነ ራውተር ስለ ራሱ ብዙ ያውቃል። ማን እንደ ሠራው፥ ከተነሣ ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነው፥ ስንት ፖርት እንዳለው፥ በየፖርቱም ስንት ባይት እንደ ገባና እንደ ወጣ መዝግቦ ይዟል። ነገር ግን ከጥቂት የአደጋ ጥሪ በቀር ካልጠየቁት አይናገርም፤ ሲጠይቁትም በቋንቋው መሆን አለበት። ቋንቋው ኤስኤንኤምፒ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጥቶ እስከ ዛሬ ያገለግላል። በዚህ ቋንቋ የሚጠየቀው ነገር ስሙ ቍጥር ነው። 1.3.6.1.2.1.1.1.0 ብሎ የጠየቀ የመሣሪያውን መግለጫ ያገኛል። ቍጥሩ እንዲያው የተደረደረ አይደለም። አገር ቤት ልጅ የእገሌ ልጅ፥ የእገሌ ልጅ እያለ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቈጥር፥ እዚህም እያንዳንዱ ቍጥር የሚቀጥለው አባት ነው። 1.3.6.1 የኢንተርኔት ቤት ነው፤ ከዚያ በ2.1 ሲወርዱ የመሣሪያዎች ሁሉ የጋራ ርስት፥ በ4.1 ሲወርዱ ደግሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ ለብቻው የያዘው ርስት ይገኛል፤ በዚያ የሲስኮ ድርሻ 9 ነው። የእያንዳንዱ ቍጥር ትርጕም የተጻፈበት መዝገብ ሚብ ይባላል።

መዝገቡን በሚገባ ያላነበበ ሰው ይሳሳታል፤ እኛም ተሳስተናል። አሮጌው የባይት ቈጣሪ 32 ቢት ስለ ሆነ 4,294,967,295 ሲደርስ ተመልሶ ከ0 ይጀምራል። በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚፈስበት ፖርት ላይ ይህ የሚሆነው በ34 ሰከንድ ያህል ነው። እኛ ግን በየአምስት ደቂቃው እየጠየቅን፥ ተማሪ ሞልቶ በሚያድርበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማንም የማይሠራ መስሎን ሁለት ቀን ተደናገርን። 64 ቢት የሆነውን ቈጣሪ ስንጠይቅ ነገሩ ተስተካከለ። ደግሞም ስዊቹ ለፖርቶቹ የሚሰጣቸው ተራ ቍጥር ጠፍቶ ሲነሣ ሊለወጥ ስለሚችል፥ ፖርትን በስሙ እንጂ በተራ ቍጥሩ መመዝገብ አይገባም።

እንግዲህ መሣሪያዎቹን እንዴት አገኘናቸው? አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው እንደሚያደርገው ጎረቤት ጠየቅን። ኤልኤልዲፒ የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቷል። ይህን የሚያውቅ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ፥ በገመድ ለተገናኘው ጎረቤቱ ስሙንና ፖርቱን ይነግራል፤ ጎረቤቱም ወሬውን ለሌላ ሳያሳልፍ ይመዘግባል። ከአንድ ከምናውቀው ስዊች ጀምረን ጎረቤቶችህ እነማን ናቸው አልነው፤ ወደ ነገረን ሄደን እነርሱንም ጠየቅን። በሥዕሉ ላይ የሌሉ አራት ስዊቾች ተገኙ። አንድ ፖርት ጎረቤት የለኝም ቢልም፥ በዚያው ፖርት በኩል አሥራ አንድ የሃርድዌር አድራሻዎች ተመዝግበዋል። ሄደን ብናይ ከአንድ ጠረጴዛ ሥር ከሱቅ የተገዛ ትንሽ ስዊች አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

የቤተ መጻሕፍቱም ምስጢር በዚሁ ተገለጠ። መሥመሮቹ ከቤተ መጻሕፍቱ ሲወጡ በእውነት ሁለት ናቸው፤ የሚገቡት ግን ሁለቱም ከደረጃ ሥር ካለ አንድ ስዊች ነው። የእርሱ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ። ማን መቼ እንዳዛወራቸው የሚያውቅ አልተገኘም።

ከመካከላችን አንዳንዱ እንግዲያው ሥዕሉ ተቀድዶ ስዊቾቹ የሚሉት ብቻ ይጻፍ አለ። ብዙ ተከራከርንበት፤ በመጨረሻም አልተቀበልነውም። ስዊቾቹ የሆነውን እንጂ ሊሆን የታሰበውን አያውቁም። ከእነርሱ ብቻ ብንጽፍ ሁለት ገመድ ከአንድ ስዊች መግባቱ ትክክል መስሎ በታየን ነበር። ጥፋቱን ያየነው ያ የተሳሳተ ሥዕል ስለ ነበረ ነው።

ይህን ከእኛ በፊት ያዩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኔትዎርክ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ከደንብ አውጪዎቹ ጋራ ተሰብስበው በተነጋገሩ ጊዜ፥ መሣሪያው የታዘዘው፥ አሁን ያለበት ሁኔታና የቈጠረው ነገር በግልጽ ተለይተው ይታዩ ብለው ጠይቀዋል። ከዚያ በኋላ በ2006 ኔትኮንፍ፥ በ2010 ያንግ የተባለው የሞዴል መጻፊያ ቋንቋ ወጡ። በያንግ እያንዳንዱ ነገር የሚታዘዝ ነው ወይስ የሚነበብ ብቻ ተብሎ ይጻፋል። በኔትኮንፍ የሚነጋገር መሣሪያም ገና ሰላምታ ሲለዋወጥ ምን ምን እንደሚችል ያስታውቃል።

ከስዊቾቻችን ያንግን የሚያውቁት ሁለት ብቻ ናቸው። ስለዚህ የቀሩትን በኤስኤንኤምፒ እየጠየቅን መልሱን በያንግ ቅርጽ እንጽፋለን፤ የግድግዳውንም ሥዕል በዚያው ቅርጽ ጽፈነዋል። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሌሊት ሌሊት ሁለቱን እያነጻጸረ ልዩነቱን ይመዘግባል። በጥቂት ስዊቾች ላይ የይለፍ ቃሉ ዛሬም ፐብሊክ የሚለው መሆኑን አግኝተናል፤ ይህስ ነገ ሳይባል ይለወጥ።

ሁለተኛውን መሥመር ወደ ሌላ ስዊች ለማዛወር ገመድ ያስፈልጋል። ጥያቄውን ከሁለቱ ሥዕሎች ጋራ ለሚመለከተው ክፍል አቅርበን መልስ እንጠብቃለን፤ ፈተናው ግን አይጠብቅም። በሁለተኛው ፎቅ ላቦራቶሪ ያለው ስዊች 7ኛ፥ 12ኛና 19ኛ ፖርቶች ወዴት እንደሚሄዱ እስካሁን አላወቅንም። መብራታቸው ይበራል፤ ባይትም ይቈጥራሉ። ወንበር ሲገፋ ወይም መደርደሪያ ሲያነሣ ገመድ ያየ ሰው ቢኖር ከዚህ ስብሰባ በኋላ በሩ አጠገብ ስለምንቆም ይንገረን።