ሁለት ሲም፣ አንድ ላፕቶፕ
እዚህ ፍኖተ ሰላም የሥራ ማመልከቻ ስንልክ ኔትወርኩ መሃል ላይ ጥሎን ይሄዳል፤ የምዝገባው ቀን ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ብዙዎቻችሁ «የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም አንድ ላይ ብጠቀም ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም ወይ?» ትሉኛላችሁ።

አይሆንም። አንዱን ስልክ በኬብል፣ ሌላውን በዋይፋይ ብታገናኙ ዊንዶውስ የሚሄደው በአንዱ ነው፤ «ሜትሪክ» የሚባለው ቁጥሩ ያነሰውን ይመርጣል። ሁለቱን የሚያዋህድ እንደ ስፒዲፋይ ያለ ፕሮግራም አለ፤ ግን ከሁለቱም ሲም ጥቅል ይበላል። ለሥራ ፈላጊ ኪስ አይሆንም ባይ ነኝ።

ይልቅ ሁለተኛውን መጠባበቂያ አድርጉት። በኮንትሮል ፓነል የየኔትወርኩ አይፒ ቅንብር ውስጥ ግቡ፣ «አውቶማቲክ ሜትሪክ»ን አጥፉ፣ ለጠንካራው 10፣ ለደካማው 50 ስጡ። አንዱ ሲቋረጥ ሌላው ይረከባል። ዋይፋዩ ተገናኝቶ ዳታው ብቻ ከጠፋ ግን ላፕቶፑ ላይነቃ ይችላል፤ ያኔ ራሳችሁ አጥፉት። የጀመራችሁትም ፋይል እንደ አዲስ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ሁለት ሲም የያዘም አንድ የያዘም እኩል ነው የተቀመጠው።